ያቺን ሐሙስ ሳቃቸውን የያዙት ጊልበርት ሃስኬት

ጊልበርት አርኖልድ ሃስኬት ከአባታቸው ከአርኖልድ ሃስኬትና ከእናታቸው ከኢዲት ፍሪስቢ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 11 ቀን 1940 ዓ.ም.፣ በግሪምስቢ ከተማ ከዓሣ ወደቡ ጀርባ ባለው የቀይ ጡብ ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው በወደቡ ገበያ የዓሣ ጨረታ ጠሪ፣ እናታቸው ደግሞ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነበሩ። ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ሲሆኑ የመጀመሪያዋ እኅታቸው ዊኒፍሬድ ናቸው።

በሃስኬት ቤት እሑድ እሑድ ከጸሎት በኋላ የሚደረግ አንድ ልማድ ነበር። ምሳው ሲያልቅ አባትና አጎቶች ፊታቸውን ሳይፈቱ ውሸት ያወራሉ። አንዱ በዚያ ሳምንት ጃንጥላ ይዞ ስለተጠመደ ዓሣ ይናገራል፤ ሌላው ዓሣው ጃንጥላውን የገዛው ከየት እንደሆነ በቁም ነገር ይጠይቃል። ቀድሞ የሳቀ ሳሕን ያጥባል። እኅታቸው ዊኒፍሬድ እንደሚመሰክሩት ጊልበርት ከዘጠኝ ዓመታቸው ጀምሮ አንድም ሳሕን አላጠቡም። ሳቅ ሲመጣባቸው የጉንጫቸውን ውስጥ በጥርሳቸው ይዘው ግድግዳ ያያሉ። ይህን ችሎታ አባታቸው ለጎረቤት ሁሉ ያወሩት ነበር። ጊልበርት ግን በኋላ ዘመናቸው ምነው ሳሕን ባጠብኩ ይሉ ነበር።

ለምን እንዲህ ይሉ እንደነበር በዚህ ጽሑፍ ይነገራል። ጊልበርት በሕመማቸው ወራት ልጃቸውን ሮዌናን ጠርተው፣ የሕይወት ታሪካቸው በጸሎት ቤቱ ሲነበብ ሁለት ነገር እንዲጠበቅ አዝዘዋል። አንደኛው፣ በጓደኛቸው በክሌመንት ሮዳ ላይ ያደረጉት ነገር እንዳይዘለል ነው። ሁለተኛው፣ ምንም ነገር እንዳይቀባባ ነው። ሁለቱም ትእዛዝ እዚህ ተፈጽሟል።

ጊልበርት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ከተማሩ በኋላ ፈተና አልፈው በከተማው ከፍ ያለ ትምህርት ቤት ገቡ። በ1958 ዓ.ም. ኬሚስትሪ ለማጥናት ወደ ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። ክሌመንት ሮዳን ያወቋቸው በዚያው ዓመት ክረምት፣ ተማሪዎች ባዘጋጁት የቀልድ ምሽት ላይ ነው። ክሌመንት ከኮርንዋል የመጡ የጂኦግራፊ ተማሪ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቶሎ የማይናገሩ። በዚያ ምሽት የተሰጣቸው ሥራ በትዕይንቶቹ መካከል አንድ ጠረጴዛ ከመድረኩ ተሸክሞ ማውጣት ብቻ ነበር። ጠረጴዛውን አወጡ። ትንሽ ቆይተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱና ወደ ተመልካቹ ጎንበስ ብለው፣ አንድ ጠረጴዛ በዚህ ሲያልፍ ያየ ሰው እንዳለ በትሕትና ጠየቁ። በመድረኩ ላይ የጳጳስ ልብስ ለብሰው የቆሙት ጊልበርት ፊታቸውን ወደ መጋረጃው ማዞር ግድ ሆነባቸው። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በሳቅ የተሸነፉት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አልተለያዩም።

በ1961 ዓ.ም. ተመርቀው ለንደን ወረዱ። ጊልበርት በአንድ የቀለም ፋብሪካ ቤተ ሙከራ፣ ክሌመንት በአንድ የካርታ ሥራ ቤት ተቀጠሩ። በጋራ በተከራዩት ክፍል ውስጥ ከሥራ መልስ እየጻፉ ለሬዲዮ አጫጭር ጭውውቶችን መሸጥ ጀመሩ። አጻጻፋቸው እንዲህ ነበር፤ ክሌመንት ይጽፋሉ፣ ጊልበርት ይሰማሉ። ጊልበርት ከሳቁ ይቀጥላል፤ ካልሳቁ ወረቀቱ ምድጃ ውስጥ ይገባል። በማግስቱ ተራው ይገለበጣል።

በ1966 ዓ.ም. ጊልበርት በቴሌቪዥን ጣቢያ የሰው ሠራሽ ጸጉር ትሠራ የነበረችውን ማቪስ ፕላውራይትን አገቡ። ሚዜያቸው ክሌመንት ነበሩ። የሚዜውን ንግግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያደረጉት ለኬኩ ነው፤ ከሙሽሮቹ አንዱን እንኳ ቀና ብለው አላዩም። ኬኩን ስለ ትዕግሥቱ አመስግነው፣ የሚጠብቀውን ነገር በተመለከተ እንዲበረታ መክረውት ተቀመጡ። የማቪስ እናት እስከ ዕለተ ሞታቸው ያንን ሰውዬ ማን እንደጠራው ይጠይቁ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ለጊልበርትና ለማቪስ ብቸኛ ልጃቸው ሮዌና ተወለደች።

ጊልበርት፣ ክሌመንትና ሌሎች ሦስት ባልንጀሮቻቸው «ወንበሩን አትመግቡ» በሚል ስም የተጠራውን የግማሽ ሰዓት የቴሌቪዥን ዝግጅት በ1968 ዓ.ም. መኸር ጀመሩ። ስሙን የወሰዱት ከመጀመሪያው ጭውውት ነው። በአንድ የባሕር ዳር ከተማ እንግዳ የምታሳድር ሴትዮ፣ አዲስ ለመጡ ባልና ሚስት የቤቱን ሥርዓት ትነግራለች፤ በር የሚዘጋበትን ሰዓት፣ የመታጠቢያውን ተራ፣ በመጨረሻም የሳሎኑ ወንበር የራሱ የምግብ ሰዓት ስላለው በእጃቸው እንዳያጎርሱት። ባልና ሚስቱ አይገረሙም። ባልየው የሚጠይቀው ወንበሩ ዓሣ ይወድ እንደሆነ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ሰው ስልክ እየደወለ ተቆጣ። የጊልበርት አባት ዝግጅቱን እስከ መጨረሻ አይተው ከሰል ሊያመጡ ተነሥተው ወጡ፤ ተመልሰው ሲመጡም ስለ ከሰሉ ብቻ ተናገሩ። አራተኛው ሳምንት ላይ ግን የወደቡ ተሸካሚዎች በማለዳ ሲገናኙ ስለ አየር ጠባይ መነጋገራቸውን ትተው ነበር። አንዱ «ወንበሩ በላ?» ይላል፤ ሌላው «ገና ነው፣ አንተን እየጠበቀ ነው» ይመልሳል። አርኖልድ ሃስኬት ይህን ከሰሙ በኋላ ለልጃቸው ደውለው ጥፋቱ የቤታቸው እንደሆነ ተናገሩ። ከአባታቸው የሰሙት ትልቁ ምስጋና ይህ ነው።

አሁን ስለ ሐሙሱ ይነገራል።

አምስቱ የዝግጅቱ ጸሐፊዎች ሐሙስ ሐሙስ ከአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ባለች ክፍል ይሰበሰቡ ነበር። እያንዳንዱ የጻፈውን ቆሞ ያነባል። ደንቡን ያወጡት ጊልበርትና ክሌመንት ናቸው፤ ያው የድሮ ክፍላቸው ደንብ ነው። የሚሰሙት አራቱም ከሳቁ ጭውውቱ ይሠራል። አንድ ሰው ካልሳቀ ይወድቃል። ድምፅ አይሰጥም፣ ክርክር የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጸሐፊው ጽሑፉ ለምን እንደሚያስቅ ማስረዳት ነውር ነው፤ ያልሳቀውም ለምን እንዳልሳቀ አይጠየቅም። እንደ ጨዋ ሰው ሁሉም ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ፌብሩዋሪ 1970 ዓ.ም. ላይ ለሁለተኛው ዙር የቀረው አንድ ክፍት ቦታ ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ጊልበርት አንድ ነገር ማየት ጀምረዋል። ሦስቱ ባልንጀሮች አንድ ነገር ሲያስቃቸው መጀመሪያ የሚያዩት ክሌመንትን ነው። ቀድሞ የሚያዩት ጊልበርትን ነበር። ማንም ያልተናገረው፣ ምናልባትም ከጊልበርት በቀር ማንም ያላስተዋለው ነገር ነው። በዚያ ሐሙስ መጀመሪያ ያነበቡት ጊልበርት ናቸው፤ የፒያኖ ጥርስ ስለሚነቅል የጥርስ ሐኪም። ሁለቱ ሳቁ፣ አንዱ ፈገግ አለ፣ ክሌመንት ደግሞ ሊስቁ አፋቸውን ከፍተው ጠበቁ። የሚሳቅበት ቦታ አልመጣም። ጽሑፉ ወደቀ።

ቀጥሎ ክሌመንት ተነሡ። ያነበቡት አንድ ሰው የተዋሰውን ኮረብታ ሊመልስ ወደ ማዘጋጃ ቤት ስለ መምጣቱ ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ቀና ሳይል ትልቁን ነው ትንሹን ብሎ ይጠይቃል። ሰውየው መካከለኛውን ይላል። ኮረብታው ላይ ያሉት በጎች ሙሉ መሆናቸው ይጠየቃል፤ አንዷ አርጅታ ሞታለች። ጸሐፊው ይህ በአጠቃቀም የሚመጣ ስለሆነ እንደማያስቀጣ ያረጋግጥለታል። ከዚያ ኮረብታውን የት እንዳቆመው ይጠይቀዋል። በሩ ላይ። እዚያ ማቆም ክልክል ነው፣ ማዶ ያሉት ሴትዮ ልብስ አስጥተዋል፣ ፀሐይ ይከለክላቸዋል። ሰውየው ይቅርታ ጠይቆ ኮረብታውን ሊያነሣ ይወጣል፤ ተመልሶ ኮረብታው የለም፣ ሄዷል ይላል። ጸሐፊው ቆብ አድርጎ ለምሳ እየተነሣ «እንግዲያው መልሰውታል ማለት ነው፤ እናመሰግናለን» ይለዋል።

ጠቅላላው ይኼ ነው። ሦስቱ ባልንጀሮች ከበጎቹ ጀምሮ መተንፈስ አቅቷቸው ነበር፤ አንዱ ከወንበሩ ተንሸራቶ መሬት ተቀምጧል። ጊልበርት በጉንጫቸው ውስጥ ያለውን ሥጋ ነክሰው ግድግዳው ላይ ያለውን የማሞቂያ ቧንቧ አዩ። ደም ቀመሱ። ኮረብታው በሰው ልጅ እጅ ከተጻፉት ቀልዶች ሁሉ እንደሚበልጥ ያን ጊዜውኑ አውቀዋል፤ ይህን ራሳቸው ነው የተናገሩት። ክሌመንት አንብበው ሲጨርሱ በልማዳቸው ወደ ጊልበርት ተመለከቱ። ሌሎቹም ተመለከቱ። ክፍሉ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። ከታች የማጠቢያዎቹ መሽከርከር ብቻ ይሰማ ነበር።

ክሌመንት ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «እሺ፣ እንለፍ» አሉ።

አለፉ። ክፍት ቦታው ለሌላ ጭውውት ተሰጠ፤ ምን እንደነበር አሁን የሚያስታውስ የለም። ስብሰባው ሲያበቃ ሁለቱ ጓደኛሞች እንደወትሮው ደረጃውን አብረው ወረዱ። ክሌመንት የተጠበሰ ድንች ይበሉ እንደሆነ ጊልበርትን ጠየቁ። ጊልበርት እሺ አሉ። ኮምጣጤ የፈሰሰበትን ድንች በጋዜጣ ይዘው እየበሉ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄዱ። የነከሱት ቦታ በኮምጣጤው ተቃጠለ። በዚያ መንገድ ላይ እውነቱን ለመናገር አሥር ጊዜ የሚበቃ ጊዜ ነበር። የተነጋገሩት ግን ስለ አውቶቡሱ መዘግየት ነው።

ክሌመንት ከዚያ በኋላ ጥቂት በጥቂት መጻፍ ተዉ። በመጡ ቁጥር የሌሎቹን ይሰማሉ፣ ይስቃሉ፣ የራሳቸውን ግን አያነቡም። በዚያው ዓመት በጋ ሲያበቃ በቅንነት ተሰናብተው ሄዱና በኬንዳል ከተማ፣ በሐይቆቹ አውራጃ ጫፍ፣ የጂኦግራፊ መምህር ሆኑ። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቃቸውም፤ መጠየቅ በነገራቸው መግባት መስሎ ስለሚታይ። ዝግጅቱ ያለ እርሳቸው እስከ 1973 ዓ.ም. ቆየ።

ጊልበርት ከዚያ በኋላ ለአርባ ዓመት ያህል በሬዲዮ ድራማ ጸሐፊነት፣ በመድረክ ተዋናይነትና በልጆች ዝግጅት አቅራቢነት አገልግለዋል። ሰው የሚያውቃቸው ግን በወንበሩ ነው። «ወንበሩን አትመግቡ» ቆሞ ከቀረ በኋላም አልሞተም። በየጥቂት ዓመቱ እንደገና ይታያል፤ ሲወጣ ያልተወለዱ ልጆች ወላጆቻቸው አጠገብ ተቀምጠው ያያሉ፤ ቆይቶም በስልካቸው ማየት ጀመሩ። በመጠጥ ቤት አንድ ሰው መስመሩን ይጀምራል፣ የማያውቀው ሰው ከማዶ ይጨርሰዋል። በኸል ከተማ ባለው ሆስፒታል አንዲት ነርስ ለጊልበርት እንደነገረቻቸው፣ አባቷ ስሟን ከረሱ በኋላ እንኳ የሴትዮዋን የቤት ሥርዓት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሉት ነበር፤ እርሷም ባልየውን እየሆነች በየማታው ትመልስላቸው ነበር። በሌስተር ደግሞ ከስሪ ላንካ የመጣ የአውቶቡስ ሹፌር ጊልበርትን ሲያይ አውቶቡሱን አቁሞ፣ ወደዚህ አገር በመጣ ጊዜ ሰዉ ምን እንደሚያስብ ግራ ገብቶት እንደነበር፣ ወንበሩን ካየ በኋላ ግን ሁሉም እንደገባው ነገራቸው።

ሮዌና አንድ ጊዜ፣ ያ ቀልድ ይህን ያህል ዓመት ለምን እንዳላረጀ ጠይቃቸው ነበር። «ወንበሩ አይደለም እኮ የሚያስቀው» አሏት። «የሚያስቀው ባልና ሚስቱ ናቸው። የማይሆን ነገር ፊታቸው ተቀምጦ፣ ለጨዋነት ሲሉ እንዳላዩ ይሆናሉ። እዚህ አገር ያልሆነ ማን አለ?» ይህን ብለው ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

እያንዳንዱ ምስጋና ለጊልበርት ዕዳ ነበር። ሰው መንገድ ላይ ጨብጧቸው በሄደ ቁጥር የሚያስቡት ስላልተሠራው ኮረብታ ነው። ያች ነርስና አባቷ ኮረብታውንም ይሉት እንደነበር አይጠራጠሩም። ለሰው ሁሉ ወንበሩ በአብዛኛው የክሌመንት ሥራ እንደሆነ ይናገሩ ነበር፤ ሰዉ ግን ይህን ትሕትና አድርጎ ወስዶ ይበልጥ ይወዳቸው ነበር።

ወደ ኬንዳል መጀመሪያ የሄዱት በ1984 ዓ.ም. ነው። እውነቱን ሊናገሩ ቆርጠው፣ ለማቪስም ነግረው ነው የሄዱት። በክሌመንት ማእድ ቤት ቁጭ ብለው አይብ የቀለጠበት የተጠበሰ ዳቦ በሉ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ክሪኬት ጨዋታ፣ ስለ ተማሪዎቹ ባሕርይ ተነጋገሩ። ክሌመንት ደስተኛ ሰው ይመስሉ ነበር፤ ይህም ነገሩን አከበደው፤ ደስተኛን ሰው ለማስቀየም ወግ ያለው መንገድ አልተገኘም። ጊልበርት የመጡበትን ሳይናገሩ በባቡር ተመለሱ። ማቪስ በሩን ስትከፍት ፊታቸውን አይታ ምንም አልጠየቀችም።

ሁለተኛው ሙከራ በ1998 ዓ.ም. የዝግጅቱ ሠላሳኛ ዓመት ሲከበር ነው። በሌስተር አንድ ትልቅ አዳራሽ ሞልቶ ነበር፤ ብዙዎቹ የወንበር ቅርጽ ያለው ባርኔጣ አድርገዋል። ክሌመንት ተጋብዘው አልመጡም። ከተመልካቹ አንዲት ወጣት ተነሥታ ክሌመንት ሮዳ ለምን እንደተለዩ ጠየቀች። ጊልበርት በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ከተናገርኩ ወደ ኋላ ማለት አይቻልም ብለው አሰቡ። ፊታቸው በተፈጥሮው የማይፈታ መሆኑን ግን አላሰቡም። «በሕይወቱ የጻፈውን ከሁሉ የሚበልጥ ነገር አነበበልን» አሉ። «እኔ በቅናት ሆን ብዬ አልሳቅሁም። በዚህ ምክንያት ተጣለ። እርሱም ሄደ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጊልበርት እውነታቸውን እንደሆነ ጨምረው ተናገሩ፤ ሳቁ ባሰ። ቀልድ እንዳልሆነ ሲምሉ ሰዉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ያ መልስ ከዚያ ወዲህ በዝግጅቱ አፍቃሪዎች ዘንድ ከምርጥ ቀልዶቻቸው አንዱ ተደርጎ ይነገራል። ዛሬ በዚህ ጸሎት ቤት ውስጥ የምታውቁት ሰዎች ካላችሁ፣ ቀልድ እንዳልነበረ እንድታውቁት ጊልበርት ለምነዋል።

ማቪስ በ2016 ዓ.ም. አረፈች። በመጨረሻው ሕመሟ ጊልበርት አጠገቧ ተቀምጠው ስለዚያች ሐሙስ እንደገና ማንሣት ሲጀምሩ፣ እጃቸውን ይዛ «ጊል፣ የኔ ፍቅር፣ ስንት ጊዜ ነው ለእኔ የምትነግረኝ?» አለቻቸው። «እኔ እኮ ኮረብታ አልጻፍኩም።»

በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጊልበርት ሳንባቸው እየደደረ የሚሄድ በሽታ እንዳለባቸው ታወቀ። ሐኪሙ ከሚጠነቀቁባቸው ነገሮች መካከል ደረጃ መውጣትን፣ ብርድንና ብዙ መሳቅን ጠቀሰላቸው። ጊልበርት በመጨረሻው በኩል ችግር እንደማይኖር ለሐኪሙ አረጋገጡ። በዚያው ዓመት ጁን ወር ሮዌና በመኪና ወደ ኬንዳል ወሰደቻቸው። ከዚህ በታች የተጻፈውን እርሷ ማእድ ቤቱ ውስጥ ተቀምጣ አይታለች፣ ሰምታለች።

ክሌመንት በሩን ከፍተው ጓደኛቸውን፣ ቀጥሎም የሚጎተተውን የኦክስጅን ጠርሙስ አዩ።

«ይኼ ደግሞ ማነው? አስተዋውቀኝ እንጂ።»

ጊልበርት ሳይቀመጡ ተናገሩ። ከተቀመጡ ስለ ዝናብ እንደሚያወሩ ያውቁታል። «ክሌም፣ የኮረብታው ቀን ሆን ብዬ ነው ያልሳቅሁት።»

«አውቃለሁ» አሉ ክሌመንት፣ ማንቆርቆሪያውን ውኃ እየሞሉ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያው ቀን። ፊትህ ድንጋይ ነበር። የተቀመጥክበት ወንበር ግን ከበጎቹ ጀምሮ እየተንቀጠቀጠ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?»

«ማስረዳት ነውር አልነበር? ደንቡን ያወጣነው እኔና አንተ፤ እኔው ላፍርሰው?»

ጊልበርት ተቀመጡ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ሁሉም ጠበቀ። ከዚያ፣ ክሌመንት የሄዱት በዚያ ምክንያት እንደሆነ ጠየቁ። ክሌመንት ዘቢብ ያለበትን ዳቦ ለሁለት ከፍለው ቅቤ ይቀቡ ነበር፤ መቀባታቸውን አላቆሙም።

«ሌሎቹ እኮ በጠረጴዛም ይስቃሉ፣ ጊል። ከሊድስ ጀምሮ የምጽፈው አንተን ለማሳቅ ነበር። አንተ ለእኔ መሳቅ እንደማትፈልግ ካወቅሁ በኋላ ለማን ልጻፈው?»

በድምፃቸው ቁጣ አልነበረም። ጊልበርት በኋላ እንደተናገሩት ግን፣ ለአርባ ስምንት ዓመት ራሳቸውን የከሰሱት በአንድ ጭውውት መጣል ነበር። የጣሉት ጭውውት ብቻ እንዳልነበረ ያወቁት በዚያች ደቂቃ ነው።

በመጨረሻ ጊልበርት ኮረብታውን እንዲያነቡላቸው ለመኑ። ወረቀቱ ከጠፋ ቆይቷል፤ ክሌመንት ግን በቃላቸው ያውቁታል። መነጽራቸውን በሹራባቸው ጠርገው ተነሡ፤ ጸሐፊውንም ባለ ኮረብታውንም ራሳቸው ሆነው፣ በዚያች ጠባብ ማእድ ቤት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫወቱት። ሮዌና ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቷ ነበር። በጎቹ ጋ ሲደርሱ ሳቋን መያዝ አልቻለችም።

ጊልበርት ሊስቁ ቆርጠው ነበር። ሐኪሙ ያለውን ረስተው፣ ትንፋሻቸውን አጠራቅመው፣ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁ ነበር። ሳቁ አልመጣም። እያንዳንዱ መስመር ሲነገር የሚያዩት ያንን ክፍል፣ ያንን ቧንቧ፣ ጋዜጣ ላይ ያለውን ድንች ነበር። ክሌመንት ጨርሰው እንደድሮው ወደ እርሳቸው ተመለከቱ። የጊልበርት ፊት አልተፈታም። እንባ ብቻ ይወርድ ነበር።

«ጊል» አሉ ክሌመንት በጣም በቀስታ፣ «ሁለተኛህ ነው እኮ።»

«ይቅርታ አድርግልኝ። እጅግ ግሩም ነው። እውነቴን ነው፤ መሳቅ አቃተኝ።»

ክሌመንት ሮዳ ጠረጴዛውን ያዙ። መጀመሪያ ያመማቸው መስሎ ሮዌና ልትደግፋቸው ተነሥታ ነበር። የሚስቁት ያለ ድምፅ ነበር፤ ከዚያ ድምፁ መጣ፤ መነጽራቸውን አውልቀው በጨርቅ ዓይናቸውን ጠረጉ። ጊልበርት ደግመው ይቅርታ ጠየቁ። «ተው፣ ገደልከኝ» አሉ ክሌመንት፣ «ደግሞ በል፣ ደግሞ ይቅርታ ጠይቀኝ።» ጊልበርት ከልባቸው፣ በሙሉ ቁም ነገር፣ ሦስተኛ ጊዜ ጠየቁ። ክሌመንት ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

ሲመለሱ ሮዌና መኪናውን እየነዳች አባቷን ለማጽናናት ሞከረች።

«ይቅር ብሎሃል እኮ፣ አባዬ።»

«ይቅር አላለኝም። ሳቀብኝ።» ረጅም መንገድ ሄዱ። «ይገባኛል» አሉ ቆይተው።

ከዚያ ጀምሮ ክሌመንት አልፎ አልፎ ይደውሉ ነበር። ሰላምታ የለም። «ሳቅህ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጊልበርት «ገና ነው» ይላሉ። «አትቸኩል» ይላሉ ክሌመንት፣ ስልኩም ይዘጋል። ጊልበርት እነዚህ ጥሪዎች ደስ ያሰኟቸው ወይም ያሠቃዩዋቸው እንደሆነ ተጠይቀው፣ ሁለቱንም ነው ብለዋል። ጥፋቱ እንደቀለለላቸው ግን አንድም ጊዜ አልተናገሩም። ቀለለ ተብሎ እንዳይጻፍም አስጠንቅቀዋል።

ሕመማቸው በ2019 ዓ.ም. መጀመሪያ ጠንቶ በክሊቶርፕስ፣ ባሕሩ በሚታይበት ቤታቸው በአልጋ ዋሉ። በመጨረሻው ሳምንት መናገር አቅቷቸው ነበር። ክሌመንት ሲደውሉ ሮዌና ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው። ክሌመንት የዚያን ቀን ረዘም አድርገው ተናገሩ፤ የተናገሩትን እርሷ አልሰማችም፣ እርሳቸውም ምን እንደነበር ሊነግሯት አልፈለጉም። በንግግሩ መካከል የአባቷ ትከሻ ደጋግሞ ተንቀሳቀሰ። ሳቅ ይሁን ሳል መለየት አልተቻለም። ምንም እንዳይቀባባ ስለታዘዘ፣ እዚህ የሚጻፈው ትከሻቸው መንቀሳቀሱ ብቻ ነው።

ጊልበርት አርኖልድ ሃስኬት በተወለዱ በ78 ዓመታቸው ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2019 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የአንዲት ልጅ አባትና የሁለት ልጆች አያት ነበሩ። ልጃቸውን ሮዌናን፣ ባለቤቷን ኢያንን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ቴዎንና ማርታን፣ እኅታቸውን ዊኒፍሬድን፣ እንዲሁም በራሳቸው ቃል ከቤተሰቡ ጋር እንዲጠሩ ያዘዟቸውንና ዛሬ በፊተኛው ወንበር የተቀመጡትን ክሌመንት ሮዳን ትተው ሄደዋል።

ቤተሰቡ በሕመማቸው ጊዜ ለረዷቸው፣ ከሩቅም ከቅርብም መጥተው ለሸኟቸው ሁሉ ምስጋናውን ያቀርባል። በዚህ ንባብ መካከል ሳቅ የመጣበት ሰው ካለ፣ በጊልበርት ስም እንለምነዋለን፣ አይያዘው። እግዚአብሔር የባሪያውን ነፍስ በዕረፍቱ ይቀበል፤ ለሰው መስጠት ሲገባቸው ሳይሰጡ ይዘውት የሄዱትንም ከእጃቸው ይቀበላቸው። አሜን።